ኢሲጂው ደህና ከሆነ ኢኮ ለምን ታዘዘ?

ሰላም የጅማ ሰዎች፣ ሰላም ሌሎቻችሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከአጋሮ እኔ ጋ መጥታለች። 58 ዓመቷ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሁለት ወር ሆናት። ማታ በአንድ ትራስ መተኛት አቅቷት ሁለት ትደርባለች። ባለፈው ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ስንወጣ ሦስቴ ቆማ አረፈች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ኢሲጂ ተነሣች። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ ይሄ ነው የሚባል ችግር እንደሌለው ነገረን። እፎይ ብለን ልንወጣ ስንል ኢኮ አዘዘ። ደህና ከሆነች ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነበርና ልቧን ደግሞ እንየው ከማለት ሌላ አልነገረኝም። ቅድም ያየው ምኗን ነበር ታዲያ? ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ይህን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እስከ ዓርብ 31 መልስ ደረሰኝ። አንዳንዱ በድምፅ የተላከ ነው፣ አንዳንዱ ስድብ አለበት፣ ሁለቱ ተሰርዘዋል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች መከተል አቃተን ስላሉ፣ የተባለውን ቁጥሩን እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ልጻፈው።

መልስ 1 አንድ መስመር ነው። ንግድ መሆኑን፣ ማሽን የገዛ ሁሉ ሰው ፈልጎ እንደሚያስተኛበት ጽፎ ሄደ። ብዙ ሰው ወደደለት። እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ አብሬ ወድጄለት ነበር።

መልስ 2 ከአንዲት ነርስ ነው። የልብ ክትትል ክፍል ውስጥ ትሠራለች። መጀመሪያ እናቴን እግዜር ይማርሽ ብላ፣ ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ኢሲጂ የሚያየው የልብን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ደረት፣ እጅና እግር ላይ 10 ገመድ ይለጠፋል፣ ከዚያ ከ12 አቅጣጫ የተነሣ ምስል ይወጣል፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግን የ10 ሰከንድ ያህል ነገር ነው። ምቱ ትክክል መሆኑን፣ የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ እንደሆነ ወይም ድሮ ተጎድቶ እንደሆነ ሊጠቁም ይችላል። የልቧ ግድግዳ መወፈሩን በደንብ አይለይም፣ በሮቿ እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። ኢኮ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው። እርጉዝ ሴት የምትታይበት አልትራሳውንድ ዘመድ ነው፣ ጨረር የለውም። በግራ ጎን ያስተኟታል፣ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የታዘዘውም በኢሲጂው ምክንያት ሳይሆን በሁለቱ ትራስ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። እኔ ትራሱን የነገርኩት በጨዋታ መሀል ነበር።

መልስ 3 የአያቱን ነገር አነሣ። ኢሲጂው ኤሌክትሪክ ነው ሲባሉ ልቤን ሊያነዝሩኝ ነው ብለው ከአልጋው ወርደው ሄደዋል። መልስ 4 ላይ ነርሷ ተመልሳ፣ ገመዱ ከሰውነት ይቀበላል እንጂ ወደ ሰውነት ምንም እንደማይልክ ጻፈች። ይሄን በየቤቱ የሚነግርልን ሰው ቢኖር ስንት አያት ከአልጋ አይወርድም ነበር።

መልስ 5ን ብዙ ሰው የወደደው በከንቱ አይደለም። ጸሐፊው የባጃጅ መካኒክ ነው፣ አጂፕ አካባቢ ይሠራል። እንደ እሱ አባባል ኢሲጂ ማለት ካንዴላው በሰዓቱ እሳት መስጠቱን ማየት ነው። ኢኮ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፒስተኑ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ ቫልቩ በደንብ ተከፍቶ በደንብ ይገጥም እንደሆነ ማየት ነው። እሳቱ ደህና ሆኖ ቫልቩ ሊበላሽ ይችላል። ሜዳ ላይ እየሄደ ማንም አያውቅበትም፣ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲጀምር ነው የሚያጋልጠው። እናቴም ጅሬን ዳገት ላይ ነው የተጋለጠችው አለ። ሳቅኩ፣ ግን ገባኝ። ችግሩ፣ ነዳጅ የምታመጣዋ ቀጭን ቱቦም በኢኮ ትታያለች ብሎ ጨመረበት።

መልስ 6 እዚያችው ላይ ያዘው። የሕክምና ተማሪ ነው፣ ትንሽ ይኮራል። ለልብ ጡንቻ ለራሱ ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች በተለመደው ኢኮ መጥበባቸው አይታወቅም። ጡንቻው አንድ ቦታ ላይ ሰንፎ ከታየ ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል እንጂ ቱቦው ራሱ ታየ ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር በሽተኛውን በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ እያስኬዱ ኢሲጂ ማንሣት አለ። ዳገቱን ሐኪሙ ፊት መውጣት በሉት። ቱቦዎቹን ራሳቸውን ለማየት ደግሞ አንጂዮግራፊ ነው። መካኒኩ በመልስ 7 አመሰገነና፣ እሱም ተማሪው ባጃጅ ሲፈታ አጠገቡ ቆሞ እንደሚያርመው ቃል ገባ።

መልስ 8 አስተማሪ ነው፣ ጥያቄዬን ትቶ ታሪክ አመጣ። ኢሲጂን ለሥራ ያበቃው ሆላንዳዊው አይንቶቨን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ኖቤል ተሸልሟል። ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ በ1929 በገዛ ክንዱ ደም መልስ 65 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ልቡ ጋ መድረሱን ሊያይ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዷል። የዛን ጊዜ እንደ እብድ ነው የታየው፣ በ1956 ግን ኖቤሉን ተካፈለ። ከርዕስ የወጣ ነው ያሉት ነበሩ። እኔ ወድጄዋለሁ። የማላውቀው ሰው ገመድ ወደ ልቤ ሲሰድ፣ ቀድሞ በራሱ ላይ የሞከረ እንዳለ ማወቅ ያጽናናል።

መልስ 9 ረጅም ነው፣ በሌሊት ነው የተጻፈው። አባቱን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለአንጂዮግራፊ የወሰደ ልጅ ነው። አባትየው ደረቴ ሊከፈት ነው ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲናዘዙ አደሩ፣ ቡናውን ለማን፣ ላሟን ለማን። ጠዋት የሆነው ሌላ ነው። እጃቸው አንጓ ላይ ማደንዘዣ ተወጉ፣ በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ገባ፣ እሳቸው ነቅተው ከሐኪሙ ጋር ያወሩ ነበር። ቱቦዎቹ በራጅ እንዲታዩ የሚረጨው ፈሳሽ ሲገባ ሰውነታቸውን ሞቅ አላቸው፣ ያ የተለመደ ነው ተባሉ። ከዚያ በፊት ኩላሊታቸው በደም ተመርምሯል፣ ምክንያቱም ያ ፈሳሽ የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው፣ ወይም ድሮ በመድኃኒት ሰውነቱ ያበጠ ሰው አስቀድሞ እንዲናገርም ይነገራል። አንድ ደም ቅዳ በጣም ጠቦ ተገኘ፣ በፊኛ ተነፍቶ ስቴንት ገባበት። ስቴንት ማለት ቱቦው ተመልሶ እንዳይጠብ ውስጡ የሚቀር ትንሽ የብረት መረብ ነው። በማግስቱ በእግራቸው ወጡ። ላሟም ያው የሳቸው ሆና ቀረች። ልጁ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ መጨረሻ ላይ፣ አባቱ አሁን ድነዋልና ከሦስት ወር በኋላ ኪኒኑን ሁሉ እንዳቆሙ በኩራት አስቀመጠ።

መልስ 10 ላይ የነርሷ ትሕትና አለቀ። በቁጣ ነው የጻፈችው። ስቴንት በሽታውን አይነቅለውም፣ አንዷን ጠባብ ቦታ ነው የሚከፍተው። አዲስ ብረት ላይ ደም እንዳይረጋ ነው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የሚሰጡት፣ ብዙ ጊዜ ለወራት፣ የልብ ጥቃት ላገኘው ሰው እስከ ዓመት፣ ከዚያም አስፕሪኑ ሊቀጥል ይችላል። ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ስቴንቱን በአንድ ጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ጥርስ ነቃይ እንኳ አቁም ቢል መጀመሪያ የልብ ሐኪሙ ይጠየቃል። ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትል፣ ደውልላቸው አለችው። ልጁ ከሦስት ሰዓት በኋላ በመልስ 13 ደወልኩ ብሎ ብቻ ጻፈ።

በመሀል ያሉት 11 እና 12 የነጭ ሽንኩርት ጣጣ ናቸው። 11 ነጭ ሽንኩርት በማር ልብ እንደሚያጥብ ጻፈ። 12 የሰደበው ሲሆን ስድቡ አሁን ተሰርዟል። ማሩ የጅማ መሆኑ ብቻ ነው የተስማማንበት።

መልስ 14ን ማንም እንዳያልፈው። ጸሐፊዋ የቋንቋችንን ጣጣ ነው ያነሣችው። እኛ ልቤን ስንል ሆድም ነው፣ ሐሳብም ነው፣ ደረትም ነው። ቃር ያለበትም ልቤን አቃጠለኝ ይላል። እናትየዋ ልቤን ልቤን ሲሉ ቤተሰቡ ጨጓራ ነው ብሎ ፌጦ ሲያጠጣ አደረ፣ ሲነጋ የልብ ጥቃት ሆኖ ተገኘ። ተርፈዋል። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ከሆነ ፌጦ ሳይሆን መኪና ነው የሚፈለገው። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ሕመሙ ደብዛዛ ሊሆን፣ ትንፋሽ ማጠር ብቻም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ ይሠራል። እሱ የሚወጣው የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ነው። ቶሎ ከደረሳችሁ ገና ላይወጣ ይችላልና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደገማል። ሁለቴ ደም ወሰዱብኝ ብሎ የሚጣላ ሰው አለ፣ ለዚህ ነው።

ከዚያ ቡና ገባና የውይይቱ ክር ተበላሸ።

መልስ 15 በየቀኑ ግፊቱ ከፍ እያለ ያስጨነቀው ሰውዬ ነው። የሚለካው ከሠፈር ክሊኒክ ነው፣ ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጨርሶ። በዚያ ላይ በችኮላ ይሄድና ገና እንደተቀመጠ ክንዱን ይሰጣል፣ ሲለካም ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። መልስ 16 ላይ ነርሷ አራቱንም ጥፋት ቆጠረችለት። ከመለካት በፊት ባለው 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ሩጫ የለም። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት ማስረገጥ፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ አለማውራት። ጨርቁ በሹራብ ላይ አይጠመጠምም። ሽንት የያዘውም ሰው ሸንቶ ይምጣ፣ እሱም ይጨምራል። ጫትንም አስገባችው። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

መልስ 17 የቡና ነጋዴ ነው፣ ተቆጣ። ቡና የተገኘበት አገር ሰው ቡና በሽታ ነው ሲባል መስማቱ አሳፍሮታል። 18 ደገፈው። 19 የጫቱን ነገር ለብቻው ክር ክፈቱለት አለ፣ ሳይሰማ ቀረ። 20 ላይ ነርሷ፣ ቡና አቁሙ እንዳላለች፣ ቡናው ከልኬቱ በኋላ ይጠጣ ማለቷን በትልልቅ ፊደል ጻፈች። 15 ግን ሠርቶበት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳይቀምስ፣ አርፎ ተለካ፣ ቁጥሩ ወረደለት። ለመድኃኒት የሚያበቃ ግፊት እንዳለውና እንደሌለው በአንድ ቀን አይፈረድም፣ ለሳምንት ያህል ቤት እየለካ እንዲጽፍና ጽሑፉን ለሐኪሙ እንዲያሳይ ተመከረ።

መልስ 21 ልቡ በሦስት ቀን አንዴ እንደ ከበሮ የሚመታበት ልጅ ነው። ሐኪም ቤት እስኪደርስ ይተወዋል፣ ኢሲጂው ሁልጊዜ ደህና። 10 ሰከንድ ምን ይይዛል? በኋላ ሆልተር የሚባል ትንሽ ሣጥን ወገቡ ላይ ታሰረለት፣ 24 ሰዓት ሙሉ ምቱን ይመዘግባል። ገላ መታጠብ የለም፣ ሲመታበት ሰዓቱን መጻፍ አለ። ጫት ቤት የገባ ጊዜ ከሸሚዙ ሥር ገመድ ያየ ጓደኛው ድምፅ እየቀዳን ነው ብሎ ወሬውን ሁሉ አቁሟል።

መልስ 22 አጭርና ከባድ ነው። የእህቷ ልጅ በ12 ዓመቷ ቶንሲል ደጋገማት፣ ከዚያ ጉልበትና ክርኗ እያፈራረቀ አበጠ፣ ዕድገት ነው ተባለ። ኢኮ ሲነሣ አንዱ የልቧ በር ጠባሳ ይዟል። የጉሮሮው ተሕዋስ ልብን በቀጥታ አይበላም፣ ሰውነት እሱን ሊዋጋ ሲነሣ የራሱን የልብ በር ነው የሚመታው። አሁን በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወስዳለች። መርፌው ያማል፣ ልጅቷ ቀኑ ሲደርስ ትደበቃለች። እህትየዋ አንድም ቀን አላሳለፈችባትም።

መልስ 23 በዚሁ በሽታ የተነሣ የልቡ በር በብረት የተቀየረለት ሰው ነው። ዋርፋሪን ይወስዳል፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በአይኤንአር ይለካል። ለሱ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ነው የታዘዘው። በዐቢይ ጾም ቁጥሩ ወርዶ ሐኪሙ ኪኒኑን አቁመሃል ብሎ ተጣላው። አላቆመም፣ ጎመን ነው የበላው፣ ቀን በቀን። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። ጎመን ተው አልተባለም። ሁልጊዜ በአንድ ልክ ብላ፣ ጾም ሲገባም ቀድመህ ንገረን ተባለ።

መልስ 24 የእግር ነው። አንድ እግሯ ብቻ በድንገት አብጦ ያመማት ሴት ዶፕለር ታዘዘላት። እሱም የድምፅ ሞገድ ነው፣ ደሙ በደም መልሱ ውስጥ ይሄድ ወይም ረግቶ እንደሆነ ያሳያል። ረግቶ ነበር። ብታሸው ኖሮ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል እንደነበር የሰማችው በኋላ ነው። ወጌሻ ቀጠሮ ይዛ ነበር።

መልስ 25 እኔ ነኝ። ሐሙስ እናቴ ኢኮ ተነሣች፣ ወረቀቱን ሰጡን፣ ሐኪሙን የምናገኘው ዓርብ ነው። ማንበብ አልነበረብኝም፣ አነበብኩ። ኢኤፍ 60 ይላል። ከመቶ 60! እናቴ ክፍል ውስጥ ያለፈች እንጂ ጎበዝ አይደለችም ማለት ነው ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ እዚሁ ለጠፍኩት።

መልስ 26 ሳቀብኝ። መልስ 27 ግን የሕክምና ተማሪው ነው፣ ኩራቱ ቀንሷል። ይሄ የፈተና ውጤት አይደለም። ግራው የታችኛው የልብ ክፍል በሞላ ቁጥር ካለው ደም ስንቱን እጅ እንደሚገፋ ነው የሚናገረው፣ ጤነኛ ልብም 100 አይገፋም፣ ከ55 እስከ 70 አካባቢ ደህና ነው። 28 ወዲያው፣ ደህና ከሆነ ለምን ታፍናለች አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን የወሰድኩት ከሐኪሙ ነው፣ በመልስ 29 ጻፍኩት። የእናቴ የልብ ግድግዳ ወፍሯል። መግፋቱን ይገፋል፣ ለመሙላት ግን መላላት አቅቶታል፣ ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ በኩል ይጠራቀማል። ጋደም ስትል ይብስባታል፣ ትራሱ ለዚህ ነው። ምክንያቱ ለዓመታት ያልታየ ግፊት ሊሆን እንደሚችል ነገረን። አጋሮ እያለች ግፊቷን ተለክታ አታውቅም ነበር። የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያሸና ኪኒን ተጀመረላት፣ ጨው ቀንሺ ተባለች። ከቡናው ላይም ጨው ልታስቀር ነው፣ እሱ ነው ያስቆጣት።

መልስ 30 ያው የመጀመሪያው ሰውዬ ነው። ለእናቴ ምሕረት ተመኝቶ፣ የሷ ትክክል ቢሆንም ግማሹ ምርመራ አሁንም ንግድ ነው ብሏል። አልተከራከርኩትም። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ይሄን ቢነግረኝ ኖሮ እኔስ ማክሰኞ ማታ ምን አስጻፈኝ?

መልስ 31 ከልብ ጋር አይገናኝም። ባጃጁ ዳገት ላይ የሚያፍንበት ሰው የመካኒኩን ጋራዥ ትክክለኛ አድራሻ ይፈልጋል። ካንዴላውን ቀይሯል፣ አልዳነለትም።